ለለተብርሃን የሰጠኋት ምክር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ ይህችን ብቻ ውጬ ተነስቻለሁ።

ቆቦ ውስጥ ነርስ ነበርኩ፤ ሐዘንና ጭንቀት ያለበትን ሰው የማማክረውም እኔ ነበርኩ። ስንሰለጥን የተነገረን ግልጽ ነው፤ የቅርብ ሰው ከመጣ ለሌላ ባለሙያ አስተላልፉ። ቆቦ ላይ የማይተዋወቅ ማን አለ? ይህን ሰበብ ግን አልፈልገውም። ቅርባችን ጎብዬ ከተማ ሌላ አማካሪ ነበረች።

አንድ ጠዋት ለተብርሃን ገባች፤ የሞላ ሚስት። ሞላ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት በድብቅ ቆይቶ ትቶኝ ያገባት የዋጃ ከተማ ልጅ ናት። እሷ ይህን አታውቅም። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወልዶባት እንቅልፍ አጥታለች። ጎብዬ ልልካት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ወንበር ሳብኩላት። ለምን? በእሷ አፍ እቤቱ መግባት ፈልጌ ነው።

ገባሁም። ፀጉሯን እንደሚያበጥርላት፣ መብላት ሲያቅታት እንደሚያጎርሳት፣ ስታለቅስ አብሯት እንደሚያለቅስ ነገረችኝ። እኔን ሲተወኝ ዐይኑ እርጥብ እንኳ አላለም። የምጽፍ መስዬ አቀርቅሬ በቅናት ነደድኩ።

በአራተኛው ቀጠሮ፣ «ሲስተር፣ ሸክም ሆንኩበት። ብሄድለት ይሻለው ይሆን?» አለችኝ።

ሐዘኗ እንደሚያናግራት አውቅ ነበር። እያወቅሁ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «አንዳንዴ መለያየት ለሁለቱም እረፍት ነው» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ዋጃ እናቷ ቤት ገባች። ሞላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ አልመለስም አለች። ከዚያ እኔ ቢሮ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ብለሻት ነው?»

«የታካሚ ምስጢር አላወጣም» አልኩት። ራሴ የረገጥኩትን የሙያ ሕግ መሸሸጊያ አደረግሁት። ፊቴን ሳያይ ዞሮ ሄደ። ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ ነበር? አዎ፣ ብዬ ነበር።

ተፋቱ። እሱ አገሩን ለቆ ወጣ፤ እሷ ሌላ ሳታገባ ዋጃ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ቆቦ ገበያ አግኝታኝ እጄን ይዛ፣ ያኔ እኔ ባልኖር ኖሮ እንደማትተርፍ ነግራኝ ሳመችኝ፤ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። በዚያችም ሰዓት ቀናሁባት፤ እሷ ተወዳ ነበርና።

ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን ምን አደክማችኋለሁ? እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳት ዋጃ አለች። ሚኒባሱ ጠዋትም ከሰዓትም ይሄዳል። እስካሁን አልተሳፈርኩም።