«ሹት» ያልኩት ኮረብታ

የምኖረው ሙሽሮችን ፎቶ በማንሳት ነው። ደባርቅ ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ሞልቷል፤ እኔ ግን ካሜራዬ ከተበላሸ ወዲህ በስልኬ ብቻ ነው የምሠራው። እስካሁን ያወቀብኝ ደንበኛ የለም፤ ቢያውቅም አልተናገረኝም። የሚያኮሩኝ መተግበሪያዎቹ ናቸው። አንዱ ጨለማ ውስጥ የተነሳን ፊት ያበራል። ሌላው ከሙሽራዋ ራስ በላይ የሚያልፈውን የመብራት ሽቦ በጣት ሲነኩት ይደመስሳል። ከሁሉም የምወደው ግን የፀሐዩን ነው። ካርታው ላይ አንድ ቦታ ምልክት ሳደርግ፣ እዚያ ሆኜ ፀሐይ በየት እንደምትወጣና በየት እንደምትጠልቅ መስመር ስቦ፣ ሰዓቱንም ጽፎ ያሳየኛል። ኔትዎርክ አይፈልግም፤ እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን ዳባት ውስጥ ሠርግ ይዤ ነበር። ሙሽራዋ ኮረብታ ላይ ቆማ ፀሐይዋ ከኋላዋ ስትገባ መነሳት ፈልጋለች። ዋዜማውን ወረድኩና ኮረብታውን መረጥኩ። ካርታው ላይ ምልክት አድርጌ፣ እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሹት» ብዬ ሰየምኩትና አመሻሽ ላይ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ተሳፈርኩ።

ከዳባት ወጣ እንዳልን መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠዋት ስወርድ አልነበረም። ኬላውን የያዙት የታጠቁ ወጣቶች ናቸው። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ያን ጊዜ መንገዱ ጠዋት የአንዱ፣ ማታ የሌላው ነበር። ለእኛ ለተሳፋሪዎች ገመዱ ያው ገመድ ነው። ውረዱ ተባልን፤ ስልካችሁን አሳዩ ተባልን።

የእኔን ስልክ የተቀበለው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነበር። ስልኩን ከማቀበሌ በፊት የፀሐዩን መተግበሪያ አልዘጋሁትም። ካርታው፣ ኮረብታው፣ በኮረብታው ላይ የተሰካው ምልክት፣ ከምልክቱ የሚወጡት ቀይና ቢጫ መስመሮች፣ ሁሉም ፊቱ ላይ ተዘረጉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የፀሐይ መንገድ ነው።»

«ፀሐይ መንገዷን አንቺን ትጠይቃለች?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። በጣቱ ካርታውን አሰፋው። «ሹት ይላል። ሹት ማለት መተኮስ አይደለም?»

«ፎቶ ማንሳትም ማለት ነው። እኛ ፎቶ አንሺዎች እንደዚያ ነው የምንለው።»

«በአማርኛ ማንሳት፣ በእንግሊዝኛ መተኮስ? እንዴት ሆኖ?»

«እንግሊዝኛን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከጎኔ የቆመው ሹፌር በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። «ነገ፣ ስድስት ሰዓት ከአምስት» ብሎ አነበበ። «በጠራራው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማን ነው እዚያ ኮረብታ ላይ የሚተኩስ?»

ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት እንደሆነ፣ በእኛ ሲመለስ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ማለት እንደሆነ አስረዳሁት።

«ቃሉም ሌላ፣ ሰዓቱም ሌላ» አለ። እውነት ለመናገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ስልኬን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ መኪና ያወረዱት ሰው የት እንዳደረ አልታወቀም ሲባል ሰምቼ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ቀስ በቀስ ከአጠገቤ ራቅ ራቅ አሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ግን ቅር አለኝ። ልጁ ሲመለስ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ዛሬ ፀሐይዋ የት ነው የምትገባ? እዚህ ሆነን።»

የቆምንበት ቦታ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከመንገዱ በታች፣ መሬቱ ወደ ቆላው በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ፣ ሁለት ባሕር ዛፎች ቆመዋል። መስመሩ በመካከላቸው አለፈ።

«በሁለቱ መሐል።»

ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ተመለከተ። «ፀሐይዋ ወደ ግራ ናት። በግራ በኩል ነው የምትገባ።»

«ስትወርድ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች።»

«ካላዘነበለች?»

ስልኬን አየሁ፤ መስመሩ ያው ነው።

«ካላዘነበለች አንቺ ከእኛ ጋር ታድሪያለሽ» አለ። አልጮኸም፤ አለመጮሁ ነው ያስፈራኝ።

ሹፌሩ የደባርቅ መግቢያ ሊዘጋ ነው ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ጥሎኝ ግን አልሄደም። ሁላችንም መንገድ ዳር ተደርድረን ወደ ምዕራብ አፈጠጥን። ብርዱ ከእግር ጀምሮ ይወጣል። ፀሐይዋ ወረደች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለች መሰለኝ፤ ከዚያ ከቆላው የተነሳ ደመና ዋጣት።

«ጠለቀች» አለ አንዱ ታጣቂ።

«አልጠለቀችም፤ ደመና ነው!» ብዬ ጮህኩ። እመቤቴን ጠራሁ። ያን ያህል ዓመት በመስመሩ ስሠራ አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም፤ አሁን ግን መስመሩም ከሰው ጋር ያበረብኝ መሰለኝ። ልጁ ሰማዩን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ከደመናው በታች፣ በደመናውና በቆላው መካከል ባለች ጠባብ ክፍት ቦታ፣ ቀይ ነገር ብቅ አለ። በሁለቱ ባሕር ዛፎች መሐል ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እልል አለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ሕፃን ይመስል ሳቀ።

«አንሺኝ» አለኝ። «ብርሃኑ ሳይሄድ አንሺኝ። ለእናቴ።»

ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠ። የወታደር ጃኬቱን አወለቀና በስስ ሹራብ ቆመ። «ፊትህን ወደ ብርሃኑ መልስ፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ» አልኩት፤ ሥራ ላይ ስሆን ፍርሃቴን እረሳለሁ። አነሳሁት። ኔትዎርክ ስለሌለ አዲ አርቃይ ያለ የአንድ ባለሱቅ ቁጥር አስያዘኝ፤ ሲከፈት ላኪለት፣ እሱ ያሳያታል አለኝ። ገመዱ ተፈታ።

መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ሹፌሩ «እስቲ አሳዪኝ» አለና ስልኩን አየ። «ሴትዮ፣ ዝናሩ ይታያል!»

እውነትም ጥይት የተደረደረበት ዝናር ወገቡ ላይ ቀርቷል። ደባርቅ መግቢያ ያለው ኬላ ደግሞ የእነሱ አይደለም። እዚያ የጠላት ወገን ሰው ፎቶ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ማንም አልነገረኝም፤ ማንም መንገር አላስፈለገውም። ሽቦ የምደመስስበትን መተግበሪያ ከፈትኩ፤ እሱ ያለ ኔትዎርክ አይሠራም። «አጥፊው! እኔንም ታስበይኛለሽ» እያለ ሹፌሩ ጮኸብኝ። አጠፋሁት። ግን የጠፋ ፎቶ ወዲያው እንደማይጠፋ፣ የስልኩ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ እንደሚቆይ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቃል። ከቅርጫቱ ግን አላጠፋሁትም። ይህን ከሹፌሩ ደበቅኩ።

መግቢያው ላይ ሌላ ታጣቂ ስልኬን ተቀበለ። ፊቴን በባትሪ አይቶ፣ የሙሽሮቼን ፎቶዎች አንድ በአንድ ገፋቸው። አውራ ጣቱ ወደ ቅርጫቱ ምልክት ተጠጋ። «ይቺ ቆንጆ ናት» አለ ስለ አንዷ ሙሽራ፤ ስልኩን መለሰልኝ። ቤቴ ስደርስ ፎቶውን ከቅርጫቱ መለስኩት።

ኔትዎርክ የተከፈተው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተመልሶ ሳይዘጋ ልላከው ብዬ ቸኮልኩ፤ ዝናሩን ሳልደመስስ እንዳለ ላክሁት። ደግሞም ደስ የሚል ፎቶ ነበር፤ ከሙሽሮቼ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«የልጄን ፎቶ የላክሽ አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ?» የሴት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ተባረኪ። ከስቷል። ይሁን፤ ሥራው ከባድ ነው። ቆላ ወርዶ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው እኮ። ዘንድሮ ሳይመለስ ቢቀርብኝ ብዬ ጨንቆኝ ነበር።»

ጃኬቱን ለምን እንዳወለቀ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ባለሱቁ ፎቶውን አስፍቶ አሳየኝ» አሉ። «ወገቡ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ቀበቶ ነው፣ እማማ።»

ከኋላቸው የሱቁ ሰዎች ስለ ስኳር ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ቀበቶ ነው።» ስልኩን ግን አልዘጉትም።