ከልጄ ጋር በሸክላ ዒላማ ሜዳ

ከጄኔቭ መነሻ

የተነሳሁት በሁዳዴ፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የጉዞዬን ምክንያት የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ ይስቁብኛል፤ የተኩስ ድምፅ የሚሸሸው ሰውዬ ዙሪክ ድረስ ሄዶ ሊተኩስ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የሰማሁት ተኩስ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ስዊሶቹ በበዓላቸው ርችት ሲያፈነዱ እንኳ መስኮቴን ዘግቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

የጠራኝ ልጄ ኪሩቤል ነው። ያን ጊዜ ከአገር ስወጣ ገና በዳዴ ይሄድ ነበር። በኋላ ከእናቱ ጋር መጣ፤ እኔና እናቱ ግን አብሮ መኖር አልሆነልንም። እሷ ሥራ ባገኘችበት ዙሪክ አሳደገችው፣ እኔ ጄኔቭ ቀረሁ። አሁን ጎረምሳ ሆኖ የኤሌክትሪክ ሙያ እየተማረ ይሠራል። ፋሲካን እኔ ጋ ሳያሳልፍ ሁለት ዓመት አለፈ። "ቅዳሜ ሸክላ ተኩስ አለን፣ ትመጣለህ?" ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ሸክላ ተኩስ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ "እመጣለሁ" አልኩ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ዘንድሮስ ለፋሲካ ይመጣ እንደሆነ ነበር። ልጅ ለዓመት በዓል ወደ አባቱ ቤት ራሱ ይመጣል እንጂ ና ተብሎ አይለመንም፤ እኔ የማውቀው ይሄን ነው።

በባቡር

ከምኖርበት ሰፈር ከለ ሊኞን በአውቶቡስ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ደረስኩ። ትናንት ፓኪ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ዳቦ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ባቡሩ ላይ ቡና ስድስት ፍራንክ ገደማ ስለሆነ ሻዬን በፔርሙስ ከቤት አምጥቻለሁ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ መሳቀቅ ድሮ ቀረ።

ሎዛንን እንዳለፍን ሐይቁ ከወይን እርከኖቹ በታች ተዘርግቶ ይታያል። ኪሩቤል ትንሽ ልጅ ሳለ በዚህ መስመር ወደ እኔ ሲመጣ፣ ባቡሩ ከዋሻ እንደወጣ "ባሕር! ባሕር!" እያለ ተሳፋሪውን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። ዛሬ ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት ጋዜጣቸውን እንዳነበቡ ሐይቁ አለፋቸው። እኔ ግን አንገቴ እስኪዞር አየሁት፤ ያ ጩኸት ናፈቀኝ።

ሜዳው

ዙሪክ ጣቢያ ከትልቁ ሰዓት ሥር ቆሞ አገኘሁት። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም መንጠራራት ያለብኝ እኔ ሆኜ አረፍኩት። በጓደኛው መኪና ከከተማው ወጥተን ጫካ ዳር ያለ ሜዳ ደረስን። መሬት ውስጥ ከተቀበረ ጎጆ አንድ ማሽን ብርቱካንማ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ተኳሹ ሳይወድቅ ይሰብረዋል። ጨዋታው ይኸው ነው።

ኪሩቤል እንደ ሙሽራ አለበሰኝ። መነጽሩና ባለጥላው ኮፍያ ለስብርባሪው ነው። ትከሻው የተደረበው ሰደርያ የጠመንጃውን ግፊት ያበርዳል፤ በሰፋፊ ኪሶቹ ጥይትና ባዶ ቀለህ ይያዝበታል። የጆሮ መከላከያውን በእጁ አስተካክሎ ከማጥለቁ በፊት ሕጉን ነገረኝ።

"አባዬ፣ ይሄ ቪክቲግ ነው፣ በጣም አስፈላጊ። ጠመንጃ ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚያዘው። ባዶ መሆኑን ሁሉም ሰው ያያል። ጥይት የምታገባው ቦታህ ላይ ቆመህ፣ ተራህ ሲደርስ ነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ሜዳው። ሌላ ሰው ሲተኩስ ወሬ የለም።"

"ሰው ሲስትስ አይዞህ አይባልም?"

"አይባልም። ዝም ነው።"

የመጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ ወደ መኪናው ዞርኩ። ኪሩቤል መዳፉን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። ስንት ጊዜ እኔ እንዲህ ደግፌዋለሁ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ብዙ አላገኘሁም። አጠገቤ ቆሞ ናፈቀኝ።

አምስት ተኳሾች በመስመር ቆምን፤ የተኩስ ክበቡ አሰልጣኝ ከኋላችን ሆኖ ይቆጣጠራል። ከጎኔ ያሉት ነጭ ጺም ያላቸው የስዊስ ሽማግሌ ናቸው። ተራዬ ደረሰ፤ ጥይት አገባሁ፣ ጠመንጃውንም ዘጋሁ። ዞር ስል ሽማግሌው በብርድ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም፤ አስተዳደጌ አደረገው። ከቦታዬ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ፣ ጠመንጃዬን እንደያዝኩ ወደ እሳቸው ዞሬ ጎንበስ አልኩና "እርስዎ ይቅደሙ" አልኩ።

አሰልጣኙ ጮኸ። ሰውዬው አፈሙዙን ይዞ ወደ ሜዳው መለሰው፣ ከፈተው፣ ጥይቶቹን አወጣ። ኪሩቤል አመድ መስሏል። አሳፈርኩት፣ ከእንግዲህ ይጠራኛል ማለት ዘበት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

እሱ ግን ወደ ሽማግሌውና ወደ አሰልጣኙ ሄዶ በጀርመንኛ ብዙ ተናገረ።

"ምን አልካቸው?"

"እኛ አገር ትልቅ ሰው ቆሞ እያለ ቀድሞ መጀመር ነውር ነው አልኩ።"

"እኛ አገር" አለ። ያን ቃል በልቤ ደጋግሜ ሰማሁት።

ሽማግሌው ስቀው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ኪሩቤል ተረጎመልኝ። "በኔ ዕድሜ ሰው ይቅደሙ ሲለኝ እፈራለሁ" ነው ያሉት። ዳቦ ቆሎዬን አውጥቼ ካሥኳቸው። አሰልጣኙ አንድ ዙር አስቀምጦኝ ሲያበቃ መልሶ ፈቀደልኝ። ብዙ ስቼ አንዷን ሰበርኳት። ማንም አላጨበጨበም፤ እኔም ዘራፍ አላልኩም።

ምሳ

በክበቡ ቤት ሰው ሁሉ ቋሊማ ሲበላ ለኔ ቅቤ ያልነካው ድንችና ሰላጣ ቀረበ።

"ጾም አይደል? ትናንት ለኩሽናው ደውዬ ነበር" አለኝ ኪሩቤል።

የረሳ መስሎኝ ነበር። ድንቹን ቆራረስኩና "ፋሲካን ከእናትህ ጋር ነህ?" ብዬ ዙሪያ ጥምጥም ገባሁ።

"እሷ ሥራ አላት። ቤት ነኝ።"

"ብቻህን? ታዲያ ለምን እኔ ጋ አትመጣም? አምናም ካቻምናም ዶሮ ሠርቼ ጠብቄሃለሁ!"

ሹካውን አስቀመጠ። "አባዬ፣ አልጋበዝከኝም።"

"ልጅ ወደ አባቱ ቤት ይጋበዛል እንዴ?"

"እዚህ ሰው ሳይጋበዝ አይሄድም። ምናልባት ሌላ ሰው አለ፣ ቦታ የለም ብዬ… ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ።"

እኔ ይመጣል ብዬ፣ እሱ ይጠይቀኛል ብሎ፣ ሁለት ፋሲካ በመከባበር አለፈ። የእናቱ ቤት አስተዳደግ ይሁን የስዊስ ትምህርት ቤት፣ ማንን እንደምወቅስ አጣሁ።

"ኪሩቤል፣ ለፋሲካ እኔ ቤት ና" አልኩት።

ስልኩን አወጣ። "ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?"

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጡብኝ። "ከዋዜማው ጀምሮ እስከፈለግከው" አልኩት። ጻፈው።

ለ ሊኞን

ስመለስ ሐይቁ በጨለማ ስለነበር አላየሁትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ በሰው አገር ያደገን ልጅ ዝም ብሎ በናፍቆት መጠበቅ አያመጣውም፣ በአፍ መናገር ያስፈልጋል።

ቤቴ ያለው አልጋ አንድ ነው። ሳልገባ የጎረቤቴን የእትዬ አልማዝን በር አንኳኳሁ። ጡረታ የወጡ፣ ልጃቸው ሉዘርን ከተማ የምትኖር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

"ለፋሲካ ትርፍ ፍራሽ ያበድሩኛል? ልጄን ጋብዤዋለሁ።"

"ልጅ ደግሞ ይጋበዛል?" አሉኝ።

"ካልተጋበዘ የማይመጣ አለ፣ እትዬ።"

ፍራሹን ሊያመጡ ገቡ፤ ቆይተው ሲመለሱ የያዙት ግን ስልካቸውን ነው።

"ምን ብዬ ልጀምርላት?" አሉኝ።