ጎማ ውስጥ የተፈለፈለችው ጫጩት

ጎሚስታ ነኝ። ከአዳማ ወደ ሞጆ መውጫው ላይ፣ መንገድ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። የተሳቢ ሹፌሮች ሞጆ ላይ ጎማቸው መተንፈስ ሲጀምር እዚያ አያሠሩም፤ እያስነፉ እኔ ጋ ይደርሳሉ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው።

ግን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት ጎማ አይደለም፤ አንዲት ጫጩት ናት።

ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ብቻቸውን ናቸው። አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻቸው፤ ጠዋት ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እስከ ቦኖው ድረስ ትከተላቸው ነበር። አንድ ቀን ሸለምጥማጥ በላትና ላባዋ ብቻ ተገኘ። እማማ አላለቀሱም። የተረፉትን እንቁላሎቿን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

"አካም ቡልቴ፣ አንተ ጎሚስታ?" አሉኝ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርክ ለማለት።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ እማማ። ምን ልለጥፍልዎ?"

"ዶሮህ ልትታቀፍ ነው አሉ። እነዚህንም አስታቅፍልኝ። የሚወጣውን እኩል ነው።"

እኛ ሰፈር እንዲህ ነው፤ ባለ እንቁላሉና ባለ ዶሮው ጫጩቱን ይካፈላሉ። ከኔዎቹ እንዳይቀላቀሉ የሳቸውን በከሰል ምልክት አደረግንባቸው።

የኔ ዶሮ የምትታቀፈው አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ ጭድ ነበር የማነጥፍላት። ያን ሰሞን ዝናቡ ጭዱን አሻገተውና "ጎሚስታ ቤት ጭድ ምን ያደርጋል?" ብዬ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቀደድኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ እስኪያብለጨልጭ ወለወልኩና አነጠፍኩላት። ጎማ ሊያስለጥፍ ለመጣ ሁሉ "የዶሮ ሆቴል ላሳያችሁ?" እያልኩ አሳየሁ።

የኔዎቹ ጫጩቶች ቀድመው ወጡ። ጆንያ ያነጠፍኩበት ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ከእማማ ባለ ከሰል እንቁላሎች ግን አንዱ ብቻ ነው የተፈለፈለው፤ ሌላው ተበላሽቶ ቀረ። ያቺ አንዷ መጨረሻ ላይ ወጥታ ከመነዳሪው ላይ አደረች።

ጠዋት ሳያት በሆዷ ተዘርግታለች። እግሮቿ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ልትነሳ ስትሞክር ይባስ ይከፈታሉ። ጣቴን ከመነዳሪው ላይ ሳሳርፍ ሸርተት አለ። ካርቶን ውስጥ ያሉትን ጫጩቶች አየሁ፤ ጆንያውን በጥፍራቸው ይዘው ይሮጣሉ። ገባኝ። ሆቴሌ ነው የጣላት።

አጠገቤ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ አየቻት። "አላይመንቷ ጠፍቷል፤ ጎማዋ ለየብቻ ይሄዳል። አትሠራላትም እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"እሠራላታለሁ! ምን አቅቶኝ ያውቃል?"

እማማ ሲመጡ እኔም መቀለዴ አልቀረም። "እኩል ብለን የለ? ይኸው ቀኝ እግሯ ወደ እርስዎ ቤት፣ ግራው ወደ እኔ ቤት እየሄደ ነው።"

አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጀርባዋን በአንድ ጣት ዳሰሱ።

"የእናቷ መልክ ነው" አሉ። "ከሷ የቀረችኝ ይቺ ናት።"

ከዚያ በኋላ መቀለድ አልቻልኩም።

መጀመሪያ እግሮቿን በቀጭን የከመነዳሪ ቁራጭ አሰርኩ። ከበዳትና በአፏ ተደፋች። ፈታሁና የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቆረጥኩ፤ አንዱን ጫፍ በአንድ እግሯ፣ ሌላውን በሌላው ጠመጠምኩ። መሀሉን የካርቶኑ ጫጩቶች ሲቆሙ እግራቸው እንደሚራራቀው አደረግኩት። ጎማ ላይ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት።

"ብርጭቆዬን!" ብላ ጮኸች ሻይ ሻጯ።

"ሆስፒታል ሆኗል፤ ሌላ ፈልጊ!"

የተቀቀለ እንቁላል አስኳል አድቅቄ አጎርሳታለሁ፣ ውሃውን በጣቴ ጫፍ አንጠባጥብላታለሁ። አንዱ ሹፌር "ጎማዬስ?" ብሎ ሲጮህብኝ "በሽተኛ ይዣለሁ፣ ጠብቅ!" አልኩት። መጥቶ አየና፣ እሱም ቁጭ ብሎ አፏን እያየ ጠበቀ።

እማማ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ጎማ ላይ ይቀመጡና በለሆሳስ "ካኢ፣ ኢንተለ ኮ" ይሏታል። ተነሺ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከብርጭቆው አውጥቼ ጆንያ ላይ ሳቆማት ትንሽ ትቆምና ትወድቃለች። ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ የምለጥፈው ጎማ ያለኝ አስመስዬ እነሳለሁ።

ፕላስተሩን ዘይት ቀብቼ የፈታሁ ዕለት እማማ ፊት ጆንያው ላይ አቆምኳት። ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሳች፤ ተንገዳገደች፤ አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አስከተለች፣ ሄዳ ሄዳ የእማማ ቀሚስ ጫፍ ውስጥ ገባች።

"ምነው ዛሬ ጉራ የለም?" አለች ሻይ ሻጯ።

"ማስቲሹ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው" አልኳት። ማስቲሹ እንደተከደነ ነበር።

እማማ ጫጩቷን በሁለት እጃቸው አቀፏት። "እኩል ብለን ነበር" አሉ፣ ሳያዩኝ።

"አዎ፣ ያኔ እግሯ ለየብቻ ይሄድ ነበር። አሁን አብሮ ነው የሚሄደው፤ በምን እንካፈላለን? ይውሰዷት፣ እማማ።"

ያኔ ሳቁ።

አሁን ዶሮ ሆናለች። እማማ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ቦኖው ሲሄዱ ከኋላቸው ትከተላለች። ግራ እግሯ ትንሽ ወደ ውጭ ይላል፤ ከኔ በቀር ማንም ልብ አይለውም። በደጄ ሲያልፉ ሥራዬን አቆምና ሹፌሮቹን እጠራለሁ።

"ያቺን ገብስማ አያችኋት? የኔ ሥራ ናት።"