ክላሽ ታቅፎ የተኛ ሰው መቀስቀስ

በሰው አገር፣ ሰሃፋ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ከሥራዬ ሁሉ የማልጠላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤቱን ልጅ ከቀትር እንቅልፉ መቀስቀስ። ልጅ እለዋለሁ እንጂ ጢሙን ያወጣ ፖሊስ ነው። ወንዝ ማዶ ወዳለው ባሕሪ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ትራፊክ ነበር። ከፊሽካ በቀር ምንም አይይዝም። ምሳውን በልቶ ይተኛል፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሥራ ይገባል። እኛ ወሎ ቤታችን ሰው የሚቀሰቀሰው የእግሩ አውራ ጣት እየተሳበ ነው፤ እሱንም እንደዚያው እስበው ነበር። ጣቴን ነቅለሽ አገርሽ ልትልኪው ነው ወይ እያለ ይነሣል።

ከዚያ መንግሥትን የሚቃወም ሰልፍ በዛ። መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። እሱን ከድልድዩ አንሥተው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት፣ ጥቂት ሳምንት አሠልጥነው መለሱት። ፊሽካው የለም። ዥጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሶ ክላሽ ይዞ መጣ። ክላሹንም እንደ ሚስት ከጎኑ አስተኝቶ ተኛ።

እንደ ልማዴ ጣቱን ሳብኩት። ዓይኑ ሳይገለጥ አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነበር። እጄ ጣቱን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑን ሲገልጥ ከእኔ ብሶ ደነገጠ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ ብሎም ለመነኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ራት ሲቀርብ ሁሉም ፊት ተናገርኩት።

የእናቱ ወንድም ራት ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ እኔም እንደ ቤቱ ሰው "ካሊ"፣ አጎቴ፣ እያልኩ ነው የምጠራቸው። መብላታቸውን ተዉት። በእኛ ጊዜ ዱላ ነበረን፣ ጠመንጃ ጣቢያ ነበር የሚያድረው አሉ። ልጁ፣ ዛሬ ጣቢያ ቢያድር ጠዋት በሌላ ሰው እጅ ነው የሚገኘው አላቸው። የሥራ ጓደኛው በድንጋይ አንድ ዓይኑን ማጣቱን ነገራቸው፤ ታዲያ ዱላ ይዤ ልቁም ወይ አለ። አልዋሸም። ያንን ጓደኛውን አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ግቢ ሻይ ሰጥቼው በፋሻው በኩል ብርጭቆውን ሲስት አይቻለሁ። ካሊ ግን አልለቀቁትም።

"መተኮስ አስተማሩህ፣ እሺ። አለመተኮስንስ ስንት ቀን አስተማሩህ?"

ልጁ ዳቦ ቆረሰ። እናቱ፣ ሃጃ፣ ጣልቃ ገቡ። ባዶ እጁን ወጥቶ ሬሳው ከሚመጣልኝ ብረቱን ታቅፎ ይተኛ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ነገ ቀስ ብለሽ ቀስቅሽው፣ አንቺም እጅሽ ኃይለኛ ነው አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አረፈ።

በነጋታው ከቀትር በኋላ ሃጃ፣ ያላ፣ በይ ቶሎ፣ ሰዓቱ ደርሷል አሉኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ኢቃማ የለኝም። ከዚህ ቤት ከወጣሁ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን አፍሰው በሚጭኑበት መኪና ላይ ነኝ። እስካሁን ማንም ያልነካኝ የፖሊስ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እግሬ ግን እምቢ አለ።

"ሃጃ፣ እናቱ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይቀስቅሱት።"

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። የተከናነቡትን ቶብ ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በልጅነቱ በሚጠሩት ስም ጠሩት፤ አልሰማም። አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ መልሰው አወጡ። ከዚያ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ዘረጉ። መጥረጊያውን ፈልገው ነው። ሰጠኋቸው። ከደጃፉ ሳያልፉ በእጀታው ጫፍ አውራ ጣቱን ነካ አደረጉት።

አፈሙዙ እናቱ ላይ ዞረ።

ሃጃ መጥረጊያውን አልጣሉም፤ እሱም ወዲያው አላወረደም። እንደዚያ ሆነው ተያዩ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ጥይት ያለበትን ካዝና ነቅሎ መሬት መሬቱን እያየ ዘረጋላቸው። እሳቸውም ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ቶሎ ወደ እኔ አሳለፉት።

አልተባረርኩም። እሱ ቤት በዋለ ቁጥር ካዝናው ወጥ ቤት፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ መቀመጥ ጀመረ። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ በመጥረጊያ እቀሰቅሰዋለሁ። ለካሊ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱስ ተረፈ" አሉ።

ልብሱን ለብሶ ሲጨርስ ወጥ ቤት ይመጣና እጁን ይዘረጋል፣ ሻይ እንደሚጠብቅ ሰው። ከቆርቆሮው ጀርባ አንሥቼ የምሰጠው እኔ ነኝ። ግቢውን ሲያቋርጥ ጎማ የሚነድበት መንገድ ጭስ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ካዝናውን ሲሰካ ቀጭ የሚለውን ላለመስማት በሩን ለመዝጋት እቸኩላለሁ። አንድም ቀን አልቀደምኩትም።