የፍየሏ ጭስ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን ከግርጌው ምንጭ ስለነበር «ምንጭ አፋፍ» እንለው ነበር። የትኛው ግንባር እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ወዲያው ወገን ለይታችሁ መጨቃጨቅ ትጀምራላችሁ፤ እኔ ደግሞ የማወራው ስለ ወገን አይደለም። የማወራው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንዲት ፍየል ነው።

አሁን አዳማ ውስጥ የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ሱቄ በር ላይ የሚሰበሰቡት የሰፈር ወጣቶች አልፎ አልፎ «ጋሽ ጀማል፣ እስቲ ስለ ጦርነቱ ያጫውቱን» ይሉኛል። የሚፈልጉት ተኩስ ነው፤ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ዓይነት። ተኩሱ ግን አጭር ነበር። ረጅሙ ከተኩሱ በኋላ የመጣው ወሬ ነው።

መቷችን፣ ሰላሳ የምንጠጋ ወታደሮች፣ ወደ ኮረብታው እንድትወጣ የታዘዘችው በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። ውጡ፣ መሽጉ፣ አትታዩ። ወጣን። መሸግን። ሳል የያዘው ሰው እንኳ አፉን በብርድ ልብስ አፍኖ ነበር የሚያስለው። እሳት የለም፣ መብራት የለም። ያቺን ድንጋይ የመሰለች የወታደር ብስኩት፣ ኮቾሮ፣ በውኃ እያራስን እንበላለን። ጠላት ከፊት ለፊታችን ካለው ሸንተረር ማዶ ነበር፤ እኛ እዚያ መኖራችንን አያውቅም።

የመቶ መሪያችን መቶ አለቃ ግርማ ይባላል። መልከ መልካም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ሲሳካ «እኔ» ማለት ይወዳል፤ ሲበላሽ «እኛ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ታውቁታላችሁ። የእኛው ሽጉጥ መታጠቁ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መትረየሱን የያዘው ገመቹ ቱፋ ነው። የመቂ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት ከአባቱ ጋር ሽንኩርት ያለማ ነበር። ከሽንኩርት ደላላ ጋር እየተከራከረ ያደገ ሰው ስለሆነ በጩኸት አይደነግጥም። ብዙም አያወራም። ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፣ ከዚያ መትረየሱን ፈቶ ያጸዳል፣ መልሶ ይገጥማል። «ጴንጤው ለመሣሪያውም ይጸልይለታል» እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱም ፈገግ ይላል።

እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ሁልጊዜ ከመቶ አለቃው ጎን ስለሚያደርገኝ የተባለውን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት አንዲት ፍየል መጣች። ከየት እንደመጣች ማንም አልጠየቀም። «ልጆቼ በፋሲካ ኮቾሮ አይበሉም» አለ መቶ አለቃው። አስር አለቃ ደሳለኝ፣ ቀኝ እጁ የነበረው የአቦምሳ ልጅ፣ ፍየሏን አረደና እሳት አነደደ። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ነፋስ ስላልነበረ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳላችንን ያፈንነው ሰዎች ጭሱን ቆመን አየነው።

«መቶ አለቃ፣ ጭሱ ይታያል» አለ ገመቹ።

«አንተን ምን አገባህ? እናንተ ቤት እንደሆነ ጾም የለ!»

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በሉ፤ ገመቹም በላ። እኔ አልበላሁም። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ያረደው ክርስቲያን ነው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በቃ። ኮቾሮዬን ቆረጠምኩ።

ረፋዱ ላይ ስድስት ሰዎች ወደ ምንጩ ወረዱ። ሦስት ሴቶች፣ ሁለት ልጃገረዶች፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ። መቶ አለቃው በመነጽሩ ሲያያቸው ቆየ።

«አይተውናል» አለ። «ገመቹ፣ ምታቸው።»

ገመቹ አነጣጠረና አየ። «መሣሪያ የያዘ የለም።»

«ሰላዮች ናቸው። ሄደው ይናገራሉ።»

«ሊናገሩ ይችላሉ። አላውቅም።»

«ትእዛዝ ነው!»

ገመቹ ከመትረየሱ ላይ ቀና አለ። አልጮኸም። «ትእዛዙ የእርስዎ ነው፤ የምተኩሰው ግን እኔ ነኝ። አልተኩስም። ተናግረው ጉዳት ከመጣ ገመቹ ነው በሉ። እኔ እጠየቅበታለሁ።»

መቶ አለቃው ወደ ሌሎቹ ዞረ። እዚህ ላይ ነው ዛሬም ድረስ የሚያንገሸግሸኝ። እንደ ገመቹ «እኔም አልተኩስም» ያለ አንድ ሰው የለም። የተኮሰም የለም። ደሳለኝ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ሌላው የክላሹን አፈሙዝ በእጅጌው ይወለውላል። አንዱ በሌላው ዓይን ውስጥ የራሱን ሐሳብ ይፈልጋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ርኅራኄም አልነበረም፣ ጭካኔም አልነበረም፤ «ምናለ ሌላ ሰው ቢገላግለን» የሚል ነገር ነበር። ሰላሳ የሚጠጋ የታጠቀ ወንድ እንደዚያ ሲያደርግ ማየት ያስጠላል።

ሰዎቹ ውኃቸውን ቀዱና ተመለሱ። ከልጃገረዶቹ አንዷ ቀና ብላ ጭሱን አየች።

መቶ አለቃው መትረየሱን ከገመቹ አስነጥቆ ለደሳለኝ ሰጠው። ገመቹ አልተከራከረም። ለደሳለኝ «ጥይቱ ከተቀረቀረ ክዳኑን ክፈተው፣ በጉልበት አትጎትት» ብሎት ክላሹን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቱን። የመጀመሪያው ሞርታር ከአመዱ አጠገብ ወደቀ። ታደሰና ሙላት የሚባሉ ጓዶቻችን እዚያው ሞቱ። ከግራ በኩል እግረኛ መጣ። ደሳለኝ ጥቂት ተኮሰ፤ ጥይቱ ተቀረቀረ። በጉልበት ጎተተው። እኔን ቀኝ እጄን ፍንጣሪ መታኝ። ገመቹ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሮጠ። ደሳለኝን ገፈተረው። «ዞር በል! አንተ ውረድ!» ሲል ሰማሁት። ክዳኑን ከፈተ፣ አስተካከለ፣ መተኮስ ጀመረ።

መቶ አለቃው «አፈግፍጉ!» አለ። ትእዛዙ የደረሰን ከጀርባው ነው፤ እሱ አስቀድሞ ቁልቁለቱን ጀምሮት ነበር። ወረድን። ወልዴ የሚባል ሌላ ጓዳችን በቁልቁለቱ ላይ ተመትቶ ሞተ። ከላይ መትረየሱ ይጮኻል። ሸለቆው ውስጥ ከገባን በኋላ ዝም አለ። ማንም ወደ ላይ አላየም።

በማግስቱ ጠዋት ግምገማ ተቀመጥን። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከውጊያ በኋላ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ጥፋት ይነሳል፣ ሰው ይተቻል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል። ሲጀመር ለመልካም ታስቦ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን እንደ ሳሙና ነበር፤ ሁሉም እጁን ይታጠብበታል።

መቶ አለቃው ቆሞ በዚያ ጎርናና ድምፁ ተናገረ። «ሦስት ጓዶቻችንን ያጣነው አንድ ግለሰብ ትእዛዝ ጥሶ ሰላዮችን ስላሳለፈ ነው።» ሦስት ነው ያለው። ገመቹን ከሟቾቹ አልቆጠረውም። «በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አለ።

እጆች ወጡ። የደሳለኝም ወጣ፤ መውጣቱንም ዘገየት አድርጎ ነው። «የሚቃወም?» ሲባል ቀኙ በፋሻ ታስሮ ስለነበር ግራ እጄን አወጣሁ።

«ጭሱስ?» አልኩ።

ፍየሏን ያልበላ ከእኔ በቀር አልነበረማ።

«አንተማ ስላልበላህ ነው የምታወራው!» አለኝ መቶ አለቃው። የሳቀም ነበር። ከአራት ሬሳ በኋላ፣ ልክ እንደ ፋሲካው ጠዋት ሳቀ።

«አዎ፣ ስላልበላሁ ነው» አልኩት።

ጭሱ «የጋራ ድክመት» ተብሎ ታለፈ፤ ጥፋቱ ሁሉ በገመቹ ስም ተዘጋ። ሬዲዮውን ከእኔ ወሰዱት። ደግ አደረጉ፤ ያንን ሰውዬ ከመስማት ገላገሉኝ።

እነዚያ ስድስት ሰዎች ተናግረውብን ይሆን? አላውቅም። ሊሆን ይችላል። ገመቹም ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ነው የወሰነው፣ ሲወስንም ከማንም ጀርባ አልተደበቀም።

ጦርነቱ አለቀ። ከዓመታት በኋላ መቂ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ የማሳው ባለቤት ስማቸው ቱፋ መሆኑን ሰማሁ። መቂ ውስጥ ቱፋ ብዙ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሻይ ስንጠጣ ግን ግድግዳው ላይ የገመቹን ፎቶ አየሁ። አብሬው እንደነበርኩ ስነግራቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ልጄ ጓደኞቹን አስገደለ አሉኝ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ድንኳን አልጣልኩም። በምን ፊት ልጣል? ሰውም ሊያስተዛዝነኝ አልመጣም። አንተ እዚያ ከነበርክ ዱጋ ንገረኝ፤ እውነቱን።»

ነገርኳቸው። ስለ ምንጩ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ መትረየሱ። ስጨርስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ወዳጁ ነህ፤ ለእኔ ብለህም ይሆናል። ፍየሏን የበሉት ይንገሩኝ፤ ያኔ ድንኳን እጥላለሁ።»

ከዚያ መቶ የተረፍነው በዓመት አንድ ጊዜ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ግቢ እንሰበሰባለን። ጋባዡ ግርማ ነው። አሁን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሆኗል፤ ሆዱ ወጥቷል፣ ድምፁ እንዳለ ነው። እኔ አንዴ ሄጄ ትቼው ነበር። በዚህ ዓመት ኦቦ ቱፋን ይዤ ሄድኩ። ሰዎቹ ጥብስ ከበው ተቀምጠዋል። ግርማ ተነሥቶ የሟቾቹን ስም ጠራ። ታደሰ። ሙላት። ወልዴ። ሁሉም ቆሞ የሕሊና ጸሎት አደረገ። ከዚያ ተቀምጠው ሹካቸውን አነሡ።

ኦቦ ቱፋ አልተቀመጡም።

«እኔ የገመቹ አባት ነኝ» አሉ። «አንድ ነገር ጠይቄ እሄዳለሁ። የዚያን ቀን እሳቱን ማነው ያነደደው?»

ግርማ ፈገግ አለ፤ ያንን ለደንበኛ የሚያሳየውን ፈገግታ። «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ። ጦርነት ላይ ግለሰብ የሚባል ነገር የለም። የሆነው ሁሉ የሁላችንም ነው። እኛ ነን።»

«ሁላችሁ ከሆናችሁ የማንን በር ላንኳኳ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ ሞተ አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ወንድ እኔ ነኝ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?»

የሚያኝክም ማኘኩን አቆመ። እኔ የማውቀውን ፊት መልሼ አየሁት። ያው የኮረብታው ፊት ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል እንጂ አልተለወጠም። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ሚሪንዳውን ይቀዳል። ኦቦ ቱፋን ክንዳቸውን ይዤ ልወጣ ነበር።

ያኔ ከዳር ጠረጴዛ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ደሳለኝ ነው። ከአቦምሳ በአውቶቡስ የመጣ፣ አቧራው ገና ከጫማው ያልረገፈ። ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ። «ፍየሏን ያረድኩት እኔ ነኝ። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። መሣሪያውን ከልጅዎ እጅ የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። ሲያቅተኝ መጥቶ ገፍትሮ አወረደኝ፤ የተረፍኩት በእሱ ነው። በማግስቱ ደግሞ እጄን አወጣሁበት።»

«ደሳለኝ፣ ይሄ እኮ በጋራ የተወሰነ ጉዳይ ነው» አለ ግርማ።

«የእኔን እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለው።

ኦቦ ቱፋ በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፈው ሄዱ። የሚመቱት መስሎኝ ነበር። እጁን ያዙትና «ከየት ነው የመጣኸው?» አሉት። «ከአቦምሳ» አላቸው። «እሁድ መቂ ና» አሉት።

እሁድ መቂ ድንኳን ተጣለ። ስንት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ነው። ቋሚውን ከጎረቤቶቹ ጋር የተከለው ደሳለኝ ነው። ፊታቸውን አዙረው የነበሩት ሰዎች አግዳሚ ወንበር እየተሸከሙ መጡ። ፓስተሩ ጸለየ፤ ሴቶቹ በኦሮምኛ አለቀሱ፤ እኔና የሰፈሩ ሙስሊሞች ከጎን ተቀምጠን ዱዓ አደረግን። ግርማ ስልክ ደውሎ ሥራ እንደተደራረበበት ነገረኝ። የመቶው ሰዎች ግን በሙሉ «እኔ ነኝ» እያሉ መጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሦስት መጡ። ሌሎቹ የሚመጣ ካለ ለመምጣት እርስ በርስ ሲደዋወሉ ቀኑ መሸባቸው።

ሱቄ በር ላይ የምትቀመጡ ልጆች፣ ተኩስ ነበር የጠየቃችሁኝ። የማውቀውን ነገርኳችሁ። እናንተንም አንድ ቀን እጅ አውጡ ይሏችኋል፤ የግድ ጦር ሜዳ መሆን የለበትም። ያኔ የምታወጡት እጅ የራሳችሁ መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

ከመቷችን በዚያ ኮረብታ የሞቱት ታደሰ፣ ሙላት፣ ወልዴና ገመቹ ናቸው። አራት። ወደ ምንጩ የወረዱት ስድስት ነበሩ። ስድስቱም ውኃቸውን ይዘው ቤታቸው ገብተዋል።