የቢጁ ኤሊና የአባቶች ክፍል ወለል

ጎረቤቴ ቢጁ በመጋቢት ወር በአንዱ ጠዋት የካላንደር ጀርባ ላይ የተሣለ ነገር ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። ሠላሳ አምስት ዓመት በግንበኝነት ስለኖርኩ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ነገሩ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም።

«አጥር ነው?» አልኳት።

«በረት ነው። ለታንግዩዋን።»

ታንግዩዋን ኤሊዋ ናት። የቢጁ ልጅ ተማሪ ሳለች ከገበያ ገዝታ ስታመጣት በመዳፍ የምትያዝ ነበረች። በበዓል የምንበላውን የሩዝ ድቡልቡል ስለምትመስል ስሙ ወጣላት። ልጅቷ ታይቹንግ ከተማ ገብታ ፎቅ ላይ ተከራየች፤ ኤሊዋ እዚሁ እናትየው ጋር ቀረች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አርባ ሁለት ኪሎ ሆነች። በር ሲዘጉባት በሩን ትገፋለች፣ ጉድጓዷን ሲደፍኑባት ሌላ ትቆፍራለች። ቢጁ ራሷ አርባ አምስት ኪሎ ብትሞላ ነው። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትልልቅ ድስት ስታነሳ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ኤሊዋን እየገፉ ከመንገድ መመለስ ሥራዋ ሆነ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ታንግዩዋን ወጥታ አስፋልቱ መሃል ቆመች። አናናስ የጫነ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ ግማሹ ቦይ ገባ። የሞተ ሰው የለም። ግን የቢጁ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ኩንሙ፣ ግቢው መሃል ቆሞ ተናገራት።

«ቤተ ዘመዱ ለመቃብር ጠረጋ ከመምጣቱ በፊት፣ ወይ አጥር ታጥሪያለሽ ወይ ፋንግሊያዎ ያለው ኤሊ አርቢ ሰውዬ ይወስዳታል። ሠላሳ ሰው ነው የሚመጣው። ወይ ሕፃን ይረግጣታል፣ ወይ እሷ ሕፃን ትረግጣለች።»

የአባቶች መቃብር የሚጠረግበት ዓመታዊ በዓል ሊደርስ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ቤታቸው እንደ ድሮው ሦስት ክንፍ ነው። መሃሉ የሞቱት ቤተሰቦች የስም ሰሌዳ ያለበትና ዕጣን የሚጨስበት የአባቶች ክፍል፣ ግራው የኩንሙና የሚስቱ፣ ቀኙ የቢጁ። ባሏ አሼንግ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩንሙ «ያ ቀኙ ክንፍ አርጅቷል፣ ቢፈርስ ልጆቼ ሲመጡ መኪና ያቆሙበት ነበር» ይላል። ፊት ለፊት አይነግራትም፤ እሷ በምትሰማበት ለሌላ ሰው ያወራል። ስሟንም ጠርቶ አያውቅም። «የአሼንግ ሚስት» ነው የሚላት።

ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት።

«ስፋቱ ስንት ነው?»

«ስምንት እርምጃ በአሥራ አንድ።»

«በማን እርምጃ?»

«በኔ።»

«ያንቺማ የዶሮ እርምጃ ነው። ሜትር ላውጣ።»

«አውጣ። ግን ከኔ አይበልጥም፤ ሁለቴ ነው የለካሁት።»

ደህና አስባበታለች። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ጎን፣ የዘይቱኑ ዛፍ ጥላ የሚጥልበትን ጎን ለይታለች። የውሃው ገንዳ ኤሊዋ እንዳትሰጥም ጥልቀት የለውም። ብርድ ሲመጣ አምፖል የምትሰቅልባት ትንሽ መጠለያም ጥግ ላይ ሥላለች። የሳተችው አንድ ነገር ነው፦ ዙሪያውን የሽቦ መረብ አድርጋዋለች።

«በሽቦ ውስጥ ውጪውን ካየች እስኪሰበር ትገፋዋለች» አልኳት። «ብሎኬት ነው የሚሻለው። ያውም ስልሳ ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ የገባ።»

«አውቃለሁ። ሽቦ ያደረግሁት ብቻዬን የምሠራው መስሎኝ ነው።»

«ብቻሽን አይደለሽም» አልኩና በዚያ ቃል ተያዝኩ።

ግንብ ከመጀመሬ በፊት ግን የኤሊዋ ጉድጓድ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበረብኝ። አፉ ከቢጁ ማድቤት ጀርባ ነው፤ ሁለት ዓመት ስትቆፍረው ኖራለች። በባዶ ላይ የተገነባ ግንብ ይሰነጠቃል። ኤሊዋ ሣር ልትግጥ በወጣችበት ሰዓት አራት ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ አስገባሁ። ሙሉውን ዋጠው። ሌላ ቀጠልኩበት። ስድስት ሜትር ተኩል ላይ ሄዶ ነካ።

ወደ አትክልቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የቧንቧው አጣጣፍ ግን ሌላ ነው የሚለኝ።

«ቢጁ፣ ወደ ቤቱ ነው የታጠፈው። እኔ በቧንቧው እየመታሁ ልቆይ፤ አንቺ ከላይ ሂጂና አድምጪ።»

መታሁ። ቆየሁ። ደግሜ መታሁ። አልተመለሰችም። ቧንቧውን ትቼ ስዞር የአባቶች ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ከዕጣኑ ጠረጴዛ ፊት ተንበርክካ ጉንጯን የወለሉ ሸክላ ላይ አስደግፋለች።

«ከዚህ ሥር ነው» አለች ቀና ሳትል። «ስትመታ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ።»

ሸክላውን በጣቴ አንኳኳሁ። ግድግዳው ሥር እንደ ድንጋይ ድፍን ነው። መሃሉ ጋ ስደርስ ከበሮ ሆነ። ባዶው ስፋቱ የምግብ ጠረጴዛ ያህላል፤ ያለው ደግሞ ኩንሙ ጠዋት ጠዋት ዕጣን ይዞ በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው።

ወጥተን በሩን ዘጋን።

«ዛሬውኑ ይነገረው» አልኩ።

«ካወቀ ኤሊዋንም ክንፉንም ነው የማጣው። ምክንያት ሲፈልግ ነው የኖረው። ሦስት ቀን ስጠኝ። በአሸዋ እንሞላዋለን። ከሞላ በኋላ የሚነገር ነገር የለም።»

እሺ አልኩ። ይሄን የምናገረው እያፈርኩ ነው። ወለል ሥር ባዶ ሲኖር ምን እንደሚሆን ከመንደሩ ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ።

በማግስቱ እርጥብ አሸዋ በባልዲ እያመላለስን በቧንቧ ገፋነው። ሦስት ሜትር ላይ ጉድጓዱ ስለሚታጠፍ አሸዋው እምቢ አለ። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ዘጋን። ታንግዩዋን ተኝታ አልጠበቀችንም፤ በሁለተኛው ቀን ከጎኑ ሌላ አፍ ከፍታ ወደ ድሮው ጉድጓዷ ገባች። ከዚያ በዚያ ወቅት ያልተለመደ ዝናብ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ኤሊዋ ብርድ ስለማትወድ ከውስጥ አልወጣ አለች።

ኩንሙ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከዘራውን ይዞ ይገባል። ቢጁ የሩዝ ጭልፋዋን እንደያዘች በማድቤቷ መስኮት ትቆማለች፤ እስኪወጣ ድረስ አትቀመጥም። ሦስቱ ቀን አራት ሆነ፣ አራቱ አምስት። በአምስተኛው ቀን ኩንሙ ገበያ ሲሄድ ገብቼ አየሁት። መሃሉ ላይ ያለው ሸክላ አንድ ጣት ሰምጧል።

«በቃ፣ ዛሬ ይነገራል» አልኳት።

«ዛሬ» አለች።

እኛ ገና ቃሉን ስንፈልግ የጭነት መኪና ግቢው ገባ። ኩንሙ ለድግሱ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ተከራይቶ ኖሯል፤ ባለ አሥራ ሁለት ሰው። ሁለት ተሸካሚዎች አወረዱትና ወደ አባቶች ክፍል ያንከባልሉት ጀመር። ኩንሙ ከፊት ከፊት ይመራቸዋል።

ቢጁ ሮጣ በሩ መሃል ቆመች።

«ጋሼ፣ አያስገቡት።»

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን። እርስዎም አይግቡ። ወለሉ ባዶ ነው፣ ኤሊዋ ከሥር ቆፍራዋለች።»

ኩንሙ ወደ እሷ ተመለከተ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምስት ቀን ሆነኝ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«አብሬ ነው የለካሁት፣ ጋሼ ኩንሙ።»

ከዘራውን በደፉ ላይ አሻግሮ ወለሉን ነካ ነካ አደረገ። በሁለተኛው ምት አንድ ሸክላ ጠፋ። ቆየት ብሎ ከታች የአፈር ድምፅ ሰማን።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቅ ጀመር።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኩ።

«አባቶቼ ውስጥ ናቸው።»

ኩንሙ ዘጠና ኪሎ ነው። ክንዱን ያዝኩት። ቤቴ ሮጬ ሁለት የመወጣጫ ጣውላ አመጣሁና ከደፉ ወደ ውስጥ ዘረጋሁ፤ ከዕጣኑ ጠረጴዛ ለመድረስ አንድ ክንድ ጎደለው። እኔም ሰማንያ እመዝናለሁ። ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ አባቶቹ የነሱ አይደሉም።

«እኔ ልግባ» አለች ቢጁ።

በዚያ ቤት የአባቶችን የስም ሰሌዳ የሚስት እጅ ነክቶት አያውቅም። ኩንሙ ጣውላውን አየ፣ ትንሿን ሴትዮ አየ።

«ጀርባሽን አትስጪያቸው» አላት በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂ። ከዚያ ወዴት እንደምትወስጃቸው ንገሪያቸው። ሳትነግሪያቸው እንዳታነሺ።»

በሆዷ ተኝታ ጣውላው ላይ ተሳበች። ጣውላው አቃሰተ። የመጨረሻዋን አንድ ክንድ ሸክላው ላይ ተዘርግታ ደረሰችበት። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ይሰማናል።

«አባባ፣ እማማ፣ ይቅር በሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ወደ ጋሼ ቤት ነው የምንሄደው፣ ቅርብ ነው።» የባሏም ስም እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ። «አሼንግ፣ አንተም ተነሳ።»

ሰሌዳውን አነሳች፤ ጣውላው ላይ እያንሸራተተች አስጠጋችልኝና ተቀበልኳት። «ውጪ» አልኳት። እሷ ግን ወደ ዕጣኑ አመድ ማሰሮ ተመልሳ ተሳበች። ማንም አላዘዛትም። እጇ ማሰሮውን ሲነካ በስተግራዋ ያሉት ሸክላዎች ዝቅ አሉ።

«ቢጁ፣ ተዪው» አለ ኩንሙ። ስሟን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ተዪውና ነይ።»

አልተወችውም። ማሰሮውን በሆዷ አቅፋ፣ በክርኗ ወደ ኋላ እየተሳበች መጣች። እግሯን ይዤ ጎተትኳት። ደፉን እንዳለፈች የዕጣኑ ጠረጴዛ እንደ በሬ በፊት እግሩ ተንበረከከና ወለሉን ይዞ ወረደ። አቧራው ግቢው ድረስ ወጣ።

ማሰሮውን ለኩንሙ ሚስት ሰጠችና አፈር በአፈር ሆና ዞረችብኝ።

«ታንግዩዋን ከሥር ናት» አለች።

ግድግዳው እንዳይከተል በሁለት ግንድ ደገፍኩት። ከዚያ በአካፋ ሳይሆን በእጅና በትንሽ መጫሪያ ነው የቆፈርነው፤ አንድ ጊዜ ጠልቆ የገባ አካፋ ሊገድላት ይችላል። ተሸካሚዎቹ እንኳ አዘኑና ወረዱ። ኩንሙ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጃንጥላ ይዞለት ነበር። ወደ እኛ አላየም። ቢጁ እየቆፈረች አልፎ አልፎ ጆሮዋን አፈሩ ላይ ትጥላለች። ጥፍሯ ደምቷል። «አቁሚ» ብላት የምትሰማ አልነበረችም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቴ ከድንጋይ የለሰለሰ ነገር ነካ። የጀርባዋ ቅርፊት ነው። በገመድ አስረን አራት ሆነን ጎተትናት። ጭንቅላቷ ገብቷል፣ እግሮቿ ገብተዋል፤ ንቅንቅ አትልም። ቢጁ ጆሮዋን አጠገቧ አድርጋ ጠበቀች። ብዙ ቆየን። ከዚያ ኤሊዋ እንደ ተነፈሰ ጎማ «ፊስ» አለች። ቢጁ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም የተነሳች አይመስለኝም።

ቤተ ዘመዱ መጣ። ሥርዓቱ ግቢው ውስጥ በሸራ ሥር ተደረገ፤ ሰሌዳው የኩንሙ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የወንድም ልጆች ወለሉን ምን ነካው ብለው ሲጠይቁ ኩንሙ «አርጅቶ ነው» አላቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢጁ ሳህን እያጠበች ስትሰማ ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

ግን አላናገራትም። አንድ ወር አለፈ፣ ከዚያም በላይ። ኤሊዋ በቢጁ መታጠቢያ ክፍል ታስራ በሩን ስትደልቅ ትውላለች። እኔ የክፍሉን ወለል እንደገና ስሠራ፣ ያለ ክፍያ ነው የሠራሁት፣ ኩንሙ አጠገቤ ቆሞ ሳለ በራሱ ጊዜ ተናገረ።

«ብወድቅ ምንም አልነበረም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ያንገበገበኝ አምስት ቀን በመስኮት እያየችኝ ዝም ማለቷ ነው።»

ለቢጁ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። «እኔም የማልረሳው ወለሉን አይደለም፤ እነዚያን ጠዋቶች ነው።»

በማግስቱ የኩንሙን በር አንኳኩታ ገባች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ፊቷ ያለቀሰ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ኩንሙ አስጠራን። ያገኘነው ከግቢው ኋላ በድሮው የአሳማ ጋጣ ነው። አራት ካስማ ተክሎ ሲባጎ ወጥሯል።

«ይሄ የኔ መሬት ነው» አለ። «ጋጣውን ስሠራ መሠረቱን አንድ ሜትር ነው ያወረድኩት፤ አሳማም ይቆፍራል። ወለሉን ሰብራችሁ አፈር ሙሉበት፣ በመሠረቱ ላይ ብሎኬት ጨምሩ። ከቤቱ ሃያ ሜትር ይርቃል።» ወደ እኔ ዞሮ፦ «በሩን በስተምሥራቅ አድርገው። ፀሐይ ይግባላት።»

«ጥላስ፣ ጋሼ?» አለች ቢጁ። ካላንደሯን ይዛ መጥታ ነበር። «እዚህ ዛፍ የለም።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘይቱኑ ነው።»

«ጎመን ነው የሚመስለው። ሙዝ እንተክላለን፤ በዓመት ይደርሳል።»

ግንቡን በአሥራ ሁለት ቀን ጨረስኩ። ቀኙን ክንፍ በተመለከተ፣ ኩንሙ ስለ መኪና ማቆሚያው ዛሬም ያነሳል፤ ልማድ ሆኖበታል።

ታንግዩዋን በገባችበት ቀን ዙሪያውን እየተከተለች፣ በየማዕዘኑ እየገፋች ዞረች። እኔ ትንፋሼን ይዤ አንድም ብሎኬት እንዳይነቃነቅ አያለሁ። አልተነቃነቀም። ደክሟት ፀሐይ ላይ ተኛች። ኩንሙ በርጩማውን አምጥቶ ከግንቡ ውጪ ተቀምጧል፤ ቢጁ በዚህ በኩል ቆማለች።

«በብርድ ወራት ምንድን ነው የምትበላው?» አለ ኩንሙ።

«የስኳር ድንች ቅጠል ትወዳለች። ብዙ ግን አይሰጣትም።»

«እኔ ጋ አለ» አላት። «ስትፈልጊ ቁረጪ።»