«መጥታ ታልቅስልኝ» ያሉ ከሳሽ

ዳኛው «የተከሳሽ ጠበቃ፣ መቃወሚያዎን ያሰሙ» ሲሉኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር... የናዝሬት ሙቀት ለጠበቃም ለከሳሽም አያዳላም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቀይ ሽብር ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሰው ግን አሁንም የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እኔ እዚያው ናዝሬት ጠበቃ ነበርኩ። ያን ሰሞን ሥራው ሁሉ ሰልችቶኛል... የቤት ክርክር፣ የአጥር ክርክር፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ።

አንድ ቀን ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ልብስ ሰፊ መጥሪያ ይዘው ቢሮዬ መጡ። የከሰሷቸው አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታቸው፣ እማማ ጫልቱ ናቸው። ክሱን አነበብኩት። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ይላል... ልጄ ሞቶ ጎረቤቴ ለቅሶ አልደረሰችኝም። ብጠራት መስኮቷን ዘጋችብኝ። ስለዚህ መጥታ እንድታለቅስልኝ ፍርድ ቤቱ ያስገድድልኝ።

ልጁ እንዴት እንደሞተ አልተጻፈም። መጻፍም አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ጊዜ ተገድሎ መንገድ ላይ ለተጣለ ልጅ እናቱ እንኳ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር።

«ሬጅስትራሩ ይሄን እንዴት አሳለፈው?» አልኩ።

ወይዘሮ በላይነሽ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «እኔ እንጃ... ብቻ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ያድርጉ» አሉኝ።

ለጠበቃ ቀላል ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ ምስክር አትጠራም፣ «ውሸት ነው» ብለህም አትከራከርም። «የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሕግ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ የክስ ምክንያት የለውም» ትላለህ፣ መዝገቡ ይዘጋል። ግማሽ ገጽ ጽፌ ጨረስኩ። ቀጠሮው ግን ይራዘም ጀመር... አንዴ ዳኛው ስብሰባ ገቡ፣ አንዴ መዝገቡ ጠፋ ተባለ። እማማ ጫልቱ አንድም ቀን አልቀሩም። ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ተራችን ደረሰ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሽ የጻፉት በሙሉ እውነት ነው ብለን ብንወስድ እንኳ...»

እማማ ጫልቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ምን አለ? እውነት ነው አለ?»

«የለም እማማ፣ አላመንንም። እውነት ቢሆን እንኳ ነው ያልነው» አልኩ።

«‹እንኳ› የምትለዋን ተዋት ልጄ። እውነት ነው፣ አይደለም?»

ዳኛው በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ይቀመጡ እማማ። ክርክሩ የሕግ ነው።»

ያኔ ከኋላዬ «እውነት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የገዛ ደንበኛዬ ናቸው! ዞሬ በሹክሹክታ «ዝም ይበሉ፣ አሸንፈናል እኮ» አልኳቸው። አልሰሙኝም።

«ስትጠራኝ ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ... ፈራሁ።»

ዳኛው ወደ በሩ አዩ፣ ማን እንደሰማ ለማወቅ መሰለኝ። ጸሐፊው ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገብቶት ዳኛውን ሲያይ በእጃቸው «ተወው» የሚል ምልክት ሰጡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብይን ሰጡ። ክሱ የክስ ምክንያት የለውም፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ድምፃቸው የደከመ ነበር።

ከችሎት ስንወጣ እማማ ጫልቱ ማንንም ሳያዩ፣ የጋሪዎቹን መቆሚያ አልፈው፣ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ወደ ሰፈራቸው አቀኑ። ወይዘሮ በላይነሽ ከኋላ ከኋላ ተከተሏቸው። ጠጋ አይሉም፣ አይመለሱም። እማማ ጫልቱም ዞር አላሉም... ግን «አትከተይኝ» ብለው አላባረሯቸውም።

ቆይቶ እንደሰማሁት ወይዘሮ በላይነሽ እማማ ጫልቱ ደጃፍ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ። ግቢ ያላቸው የለም። ማምሻው ላይ በሩ ተከፈተና እማማ ጫልቱ «ኮቱ» አሏቸው፤ ነይ ማለታቸው ነው። ትንሽ ቆይቶ የሁለት ሴቶች ለቅሶ ከዚያ ቤት ተሰማ፣ ያለ ምንም መደበቅ፣ ጮክ ብሎ። ጎረቤቱም አንድ በአንድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ መጣ አሉ... ከስንት ዓመት በኋላ!

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክስ አስዘግቻለሁ... አሸንፌ እንደዚያን ቀን የደከመኝ ጊዜ ግን የለም።